መርከቧ ስትዘገይ

ግራዲየስ 3 የተባለው ጌም ለሱፐር ፋሚኮም ማጫወቻ የወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1990 ነው። ማሽኑ ራሱ ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ከቀረበ ገና አንድ ወሩ ነበር። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ስክሪኑ በአረፋ ይሞላል። ትልቁ አረፋ ሲመታ ይከፈላል፣ የተከፈለውም መልሶ ይከፈላል፤ ትንሿ የጠፈር መርከብ በመሃላቸው እየተሹለከለከች ትተኩሳለች። አረፋው ሲበዛ ድንገት ሁሉም ነገር ይከብዳል። መርከቧም፣ ጥይቱም፣ አረፋውም ማር ውስጥ እንደወደቀ ዝንብ ይጎተታሉ። ጥቂት አረፋዎች ሲፈነዱ ደግሞ ጌሙ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል።

ምክንያቱ ተራ ነው። የሱፐር ፋሚኮም ፕሮሰሰር ቢፈጥን ቢፈጥን 3.58 ሜጋኸርዝ ነው። በሰከንድ ስልሳ ጊዜ አዲስ ምስል ማድረስ ይጠበቅበታል። የአረፋው ስሌት በአንድ ስልሳኛ ሰከንድ ውስጥ ካላለቀ ተራው ያልፈዋል፣ ያው ምስል ደግሞ ይታያል፣ የአንድ ሰከንዱ ውጊያ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል።

ዛሬ ይህንኑ ጌም መዳፍ በምታክል ማጫወቻ የሚጫወት ሰው ግን ምርጫ አለው። የድሮውን ማሽን በሶፍትዌር የሚመስለው ስኔስ9ኤክስ የተባለው ኢሙሌተር ሜኑ ውስጥ መጎተትን የሚቀንስ መስመር አለ። አጠገቡም አስተማማኝ እንዳልሆነ የሚያስጠነቅቅ ቃል በቅንፍ ተቀምጧል። ተጫዋቹ ማስጠንቀቂያውን አይቶ እንዳላየ ያልፍና ይከፍተዋል። መጎተቱ ይጠፋል፣ አረፋው እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ መርከቧም ብዙ ሳትቆይ ትሞታለች። ለካ እጁ መንገዱን የተማረው በዝግታው ውስጥ ኖሯል። አረፋ ሲበዛ ጊዜ ይረዝም ነበር፤ በረዘመው ጊዜ ውስጥ ማምለጫ ቀዳዳ ይፈለግ ነበር። አሁን ቀዳዳው ሳይታይ ይዘጋል።

ታዲያ ይህ ሰው አሁን የተጫወተው ግራዲየስ 3ን ነው? ጥያቄው የሰነፍ ክርክር ሊመስል ይችላል። ግን የኢሙሌተር ሜኑ ከፍቶ አንዲት መስመር የነካ ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ መልሱን ሰጥቶ ነው የሚወጣው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ዝግታው የትም አለመጻፉ ነው። የካርትሪጁን ኮድ ከዳር እስከ ዳር ቢያነብቡት «እዚህ ጋ ቀስ በል» የሚል ትእዛዝ አይገኝም። ቺፑም ለብቻው ዘገምተኛ አይባልም፤ በጊዜው ከነበሩት ጋር ሲወዳደር ምንም አይልም። ዝግታው የተወለደው ኮዱና ቺፑ ሲገናኙ ነው። ከሁለቱ አንዱን የቀየረ ሰው ምንም ነገር አልሰረዝኩም ብሎ ሊምል ይችላል፣ መሐላውም እውነት ነው፤ ዝግታው ግን የለም።

ብራዚላዊው ፕሮግራመር ቪቶር ቪሌላ በ2019 ይህንኑ ያለ ኢሙሌተር ዘዴ ሠራው። ኋላ በወጡ አንዳንድ ካርትሪጆች ውስጥ ይገባ የነበረው ኤስኤ-1 የተባለ ረዳት ቺፕ 10.74 ሜጋኸርዝ ይሮጣል፣ ማለትም የዋናውን ሦስት እጥፍ። ቪሌላ የግራዲየስ 3ን ኮድ በዚያ ቺፕ ላይ እንዲሮጥ አድርጎ አሻሻለው፤ መጎተቱም በነ። ብዙዎች ጌሙ በመጨረሻ መሆን የነበረበትን ሆነ ብለው ተደሰቱ። ሌሎች ደግሞ ጌሙ ድሮም እንዲህ ከባድ ነበር እንዴ አሉ። የጌሙ ሠሪ ኮናሚ ራሱ ግን ከሁሉም ቀድሞ ነበር። በ2000 ግራዲየስ 3ን ከተከታዩ ጋር ለፕሌይስቴሽን 2 ሲያወጣ (ይህኛው የመጫወቻ አዳራሹ ቅጂ ነው፣ እሱም በበኩሉ ይጎተት ነበር) የመጎተቱን መጠን ተጫዋቹ እንዲመርጥ ሜኑ ውስጥ አስገባው። የሠራው ድርጅት ራሱ ጉድለቱን አጥፍቶ አልተገላገለም፤ ምርጫ አድርጎ አቀረበው።

ከዚህ በፊትም ጉድለት ሹመት አግኝቶ ያውቃል። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በ1978 ስፔስ ኢንቬደርስን ሲሠራ 55 ወራሪዎችን በአምስት ረድፍ አሰለፈ። ማሽኑ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ስለሚከብደው በየምስሉ አንዱን ብቻ ነበር የሚያራምደው። ስለዚህ ሰልፉ ሙሉ ሲሆን አንድ እርምጃ ለመጨረስ ሰከንድ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ወራሪ ሲሞት ግን ተራው ያጥራል፣ የቀሩት ይፈጥናሉ፣ የመጨረሻው ብቸኛ ወራሪ እንደ እብድ ይሮጣል። ኒሺካዶ ይህን አይቶ ተወው። ተጫዋቹ ወደ ድል በቀረበ ቁጥር ልቡን የሚሰቅለው ያ ጥድፊያ፣ ከድካም የመጣ ነው።

ፈላስፎች ለእንዲህ ያለው ነገር የቆየ መርከብ አላቸው። ፕሉታርክ የጻፈው የቴሴዎስ መርከብ ሳንቃው አንድ በአንድ ሲተካ ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ የሚለው ጥያቄ ነው፤ ሆብስ ደግሞ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተጣሉትን ሳንቃዎች ሰብስበን ሁለተኛ መርከብ ብንገጣጥምስ ብሎ ክርክሩን አባሰው። ለኢሙሌተር ግን ይህ ምሳሌ ብዙ አያራምድም። የጌሙ ሳንቃ አልተለወጠም፤ ኮዱ ፊደል በፊደል ያው ነው። የተለወጠው ባሕሩ ነው።

የሚሻለው አሜሪካዊው ፈላስፋ ኔልሰን ጉድማን በ1968 ያነሣው ልዩነት ነው። ሥዕልን የፈለገውን ያህል አስመስሎ የቀዳ ሰው የያዘው ቅጂ ነው። ሙዚቃ ግን እንዲያ አይደለም፤ ኖታውን ጠብቆ የተጫወተ ሁሉ የተጫወተው ራሱን ሥራውን ነው፣ ቅጂ የሚባል ነገር የለም። ጉድማን እዚህ ላይ ምሕረት የለሽ ነበር፤ አንዲት ኖታ ከተሳሳተች ያ ሥራ አልተጫወተም ይላል። ሙዚቀኞች ይስቁበታል፤ ያልተሳሳተ ኮንሰርት የት ይገኛል? የኢሙሌተር ሠሪዎች አንዱ ወገን ግን ጉድማንን ባያነብም በቃሉ አድሯል።

የዚህ ወገን ትልቁ ስም ኒር ነው። ቀደም ሲል ባዩ በሚል የብዕር ስም የሚታወቁት እኚህ ፕሮግራመር ቢስኔስ የተባለውን ኢሙሌተር የጻፉ ሲሆን በ2021 አርፈዋል። በ2011 ባሳተሙት ሰፊ ጽሑፍ የሱፐር ኒንቴንዶን (የሱፐር ፋሚኮም ሌላ ስሙ ነው) እያንዳንዱን የሰዓት ምት ሳያዛንፉ ለመምሰል 3 ጊጋኸርዝ የሚሮጥ ፕሮሰሰር እንደሚያስፈልግ አስረዱ። ለ3.58 ሜጋኸርዝ ማሽን መሆኑ ነው! ከሰጧቸው ምሳሌዎች አንዱ የስፒዲ ጎንዛሌዝ ጌም ነው። መጨረሻው አካባቢ ባለ አንድ ምዕራፍ ጌሙ በማስታወሻው ውስጥ ከሌለ አድራሻ ቁጥር እያነበበ ቁጥሩ እስኪለወጥ ይጠብቃል። በእውነተኛው ማሽን መስመሩ ላይ የቀረው ትራፊ ምልክት ስለሚለዋወጥ ጌሙ ይቀጥላል። ያንን ትራፊ የማይመስል ኢሙሌተር ላይ ግን ስታክ አድርጎ ይቀራል። ሌላው ኤር ስትራይክ ፓትሮል ነው፤ ከአውሮፕላኑ ሥር ያለው ጥላ የሚሣለው አንዲቷ የስክሪን መስመር እየተሣለች ባለችበት ቅጽበት መሃል ላይ ነው። መስመሩን ባንድ ጊዜ የሚስለው ኢሙሌተር አውሮፕላኑን ያለ ጥላ ያበርራል። ከ3 ጊጋኸርዙ ብዙው የሚወጣው እንዲህ ላለ ጥላ ነው።

ከንቱ ድካም የሚመስለው ሰው የትርጉሞቹን ታሪክ ይስማ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጃፓን ጌሞችን በትርፍ ጊዜያቸው ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሱ ሰዎች ሥራቸውን የሚፈትሹት በጊዜው በነገሠው ዜድስኔስ በተባለ ኢሙሌተር ላይ ነበር። ዜድስኔስ ፈጣን ነው፣ ለደካማ ኮምፒውተር ይመቻል፣ ብዙ ነገርም ዓይቶ እንዳላየ ያልፋል። እውነተኛው ማሽን ምስል እየሣለ ባለበት ጊዜ ወደ ምስል ማስታወሻው የሚጻፍን ነገር አይቀበልም፤ ዜድስኔስ ግን ይቀበላል። ውጤቱም በዜድስኔስ አምረው የሚነበቡ፣ በእውነተኛው ሱፐር ኒንቴንዶ ላይ ግን ጽሑፋቸው የሚበላሽ ትርጉሞች ሆኑ። ኮፒው መለኪያ ሆነ፤ ዋናው ፈተና ወደቀ።

ሆኖም 3 ጊጋኸርዝ በሁሉም ኪስ አይገባም። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የተሸጠችው የኪስ ማጫወቻ ሚዩ ሚኒ ባለ 2.8 ኢንች ስክሪን፣ 1.2 ጊጋኸርዝ የሚሮጥ ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰርና 128 ሜጋባይት ማስታወሻ ነው ያላት። ሬትሮአርች በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ለእንዲህ ያሉ ማሽኖች የስኔስ9ኤክስ የቆዩ እትሞች በየዓመታቸው ስም ተደርድረዋል፦ 2002፣ 2005፣ 2010። ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ኢሙሌተሩ ይቀልላል፣ ስህተቱም ይበዛል። ማጫወቻዋ ስትንተፋተፍ መፍትሔው አንዳንድ ጊዜ ሠሪዎቹ ገና ያላወቁትን ያህል አለማወቅ ነው። ይህ ዘመናዊውን ሰው ሊያስቅ ይገባል።

እዚህ ላይ የጉድማን ጭካኔ አይሠራም፤ የሆነ ነገር መጥፋቱ አይቀርምና። የሚቀረው ጥያቄ ምን ይጥፋ የሚለው ነው። ለምሳሌ ሱፐር ኒንቴንዶ በሰከንድ የሚሰጠው 60 ምስል ሳይሆን 60.0988 ነው። የማጫወቻዋ ስክሪን ግን ልክ 60 ነው እንበል። በየአሥር ሰከንዱ አንድ ምስል ቦታ አጥቶ ይቀራል። ያን ምስል ቢጥሉት ማሪዮ በየአሥር ሰከንዱ ይደናቀፋል፤ ባይጥሉት ድምፁ ከምስሉ ተለይቶ ይንጫጫል። ሬትሮአርች መሃለኛ መንገድ አገኘ፤ ጌሙን ከስክሪኑ ጋር ያስኬድና ድምፁን ቢበዛ በ0.5 ፐርሰንት ይስበዋል ወይም ያጠብበዋል። ጆሮ አያውቀውም። በዚህ ስሌት የተጫወተ ሰው በሰዓት ስድስት ሰከንድ ያህል ከእውነተኛው ማሽን ኋላ ይቀራል። እንዲህ ያለውን እብለት ማን ይጠላዋል?

የምስሉ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የጌም ቦይ አድቫንስ ስክሪን 240 በ160 ፒክስል ነው፤ የሚዩ ሚኒ 640 በ480። ልክ ሁለት እጥፍ ሲደረግ 480 በ320 ይሆንና ዙሪያውን ጥቁር ያስተርፋል። ጥቁሩን ጠልቶ ስክሪኑን ከጎን እስከ ጎን የሞላ ሰው እያንዳንዱን ፒክስል 2.67 እጥፍ ማድረግ አለበት፤ ፒክስል ደግሞ አይሸረፍም፣ ስለዚህ አንዱ ሁለት ሌላው ሦስት ይሆናል። ቆሞ ሲታይ ምንም አይደል። ምስሉ ወደ ጎን መሄድ ሲጀምር ግን የጡብ ግድግዳው ሁሉ እንደ ሙቀት ጭልጭልታ ይርገበገባል።

ቀለሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የመጀመሪያው ጌም ቦይ አድቫንስ ስክሪን መብራት አልነበረውም። በ2001 ከማሽኑ ጋር የወጣው ካስልቬኒያ፦ ሰርክል ኦፍ ዘ ሙን ጨለማ ስለበዛበት ተጫዋቹን መብራት ሥር ያስቀምጥ ነበር። በ2002 የመጣው ሃርመኒ ኦፍ ዲሶናንስ ትምህርት ወስዶ ቀለሙን አደመቀ። ዛሬ ይህ ሁለተኛው ጌም በደማቅ አዲስ ስክሪን ሲከፈት ዓይን ይወጋል፤ ያ ጎቲክ ቤተ መንግሥት የሰርግ ድንኳን ይመስላል። ኮዱ ውስጥ ያለው ቁጥር በትክክል ተነብቧል። ሠዓሊው ግን ቁጥሩን የጻፈው ለጨለማ ስክሪን ነው፤ ሊያሳይ የፈለገው ደብዛዛ ሐምራዊ ነበር። ለፊደሉ የታመነ ሰው ሠዓሊውን ከዳ፤ ቀለም ማስተካከያውን የከፈተ ሰው ደግሞ ፊደሉን ለውጦ ሠዓሊውን አገኘው።

የ1991ዱ ሶኒክ ላይ ያለው ፏፏቴ ከዚህም ይብሳል። ሶኒክ የወጣበት ማሽን ሜጋ ድራይቭ ከኋላ ያለውን የሚያሳይ ብርሃን አስተላላፊ ቀለም እንደ ልብ መሣል አይችልም ነበር። ሠዓሊዎቹ ፏፏቴውን በቀጫጭን ቀጥ ያሉ ዘንጎች ሣሉት፤ አንድ ረድፍ ውሃ፣ አንድ ረድፍ ባዶ። ያኔ ብዙ ቤት የነበረው ቢጫ ጫፍ ያለው የቪዲዮ ገመድ ደግሞ ምስሉን ያደበዝዝ ስለነበር ዘንጎቹ ተቀላቅለው የሚያሳልፍ ውሃ ሆኑ። በንጹሕ አዲስ ስክሪን ላይ ውሃው የለም፤ የቆርቆሮ አጥር ነው። ስለዚህ በጣም ጥርት ያለውን ምስል የሚወደው ተጫዋች በውድ ስክሪኑ ላይ የመጥፎ ገመድ ማስመሰያ ፊልተር ይጭናል። ያኔ ነው ውሃው የሚፈስሰው።

እዚህ ላይ ዋናው የቱ ነው ብሎ መጠየቅ ራሱ እየሳሳ ይሄዳል። አውሮፓ ውስጥ ቴሌቪዥኑ በ50 ኸርዝ ይሠራ ስለነበር የመጀመሪያው ሶኒክ እዚያ ከጃፓኑና ከአሜሪካው ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ቀርፋፋ ነበር፣ ሙዚቃውም አብሮ ይጎተት ነበር። ለንደን ላደገ ልጅ ሶኒክ ያ ነው። ዛሬ ሜኑ ውስጥ 50 የሚለውን ቢመርጥ ትዝታውን መረጠ፤ 60 የሚለውን ቢመርጥ ሠሪዎቹን መረጠ።

ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ ከመጽሐፈ ሄኖክ ሩቅ አይደለም። መጽሐፉ መጀመሪያ በተጻፈበት ቋንቋ የቀረው ቁርጥራጭ ብቻ ነው፤ የአራማይክ ብጣሾቹ የተገኙት በቁምራን ዋሻዎች ነው። ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲደርስ የያዘው የትርጉም ቅጂ ነበር፤ ግን ከዚያ የበለጠ ሙሉ ሄኖክ የትም አልነበረም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ስታነብበው የሌላ መጽሐፍ ጥላ እያነበብኩ ነው አትልም። ዋናው ሲጠፋ ቅጂው በአደራ ብቻ ሳይሆን በማዕረግም ይተካዋል።

ጌሞቹም ወደዚያው እየሄዱ ነው። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት የቆዩ ጌሞች 87 ፐርሰንቱ በገበያ ላይ እንደማይገኙ አስታውቋል። የካርትሪጅ ባትሪ ያልቃል፣ የማሽኑ ኮንደንሰር ያፈሳል፣ የድሮ ቴሌቪዥን የሚያመርት የለም። ከጊዜ በኋላ ግራዲየስ 3 ማለት ሰዎች በኢሙሌተር የሚያውቁት ግራዲየስ 3 ይሆናል። ስለዚህ የሜኑ መስመሮቹ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደሉም፤ የጸሐፊው ብዕር ያለው እዚያ ነው።

አንድ መስመር ግን ከሁሉም ይገርማል። በ2018 ሬትሮአርች ውስጥ የገባው ራን-አሄድ ጊዜን ራሱን ይነካካል። በየምስሉ ኢሙሌተሩ የጌሙን ሁኔታ ያስቀምጥና የሚቀጥለውን ምስል ተደብቆ ያሰላል፣ ያንን ገና ያልደረሰ ምስል ለተጫዋቹ ያሳያል፣ ከዚያ ተመልሶ ከነበረበት ይቀጥላል። ብዙ ጌሞች በተፈጥሯቸው አዝራር ከተጫነ አንድ ወይም ሁለት ምስል ዘግይተው ነው የሚመልሱት፤ ራን-አሄድ ያንን ይበላዋል። ተጫዋቹ ከእውነተኛው ማሽን ይልቅ ፈጥኖ የሚታዘዝ ማሪዮ ያገኛል። ኮፒው ከዋናው ቀደመ ማለት ነው። ይህን ማጭበርበር የሚሉ አሉ፤ ነገሩ ግን በልክ ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ምስሉን ሳይዘገይ ያሳይ ነበር፤ አዲሱ ስክሪንና ከበስተኋላው ያለው ሶፍትዌር ግን የራሳቸውን መዘግየት ይጨምራሉ። ራን-አሄድ ይህን የተጨመረውን ከመለሰ የተሰረቀ ዕቃ መለሰ። ከዚያ አልፎ ከሄደ ግን ሌላ ጌም እየተሠራ ነው፣ ምናልባትም የተሻለ ጌም። ለማንኛውም ሥራው እጥፍ ስሌት ይፈልጋል፤ ሚዩ ሚኒ ላይ ብዙ ርቀት አያስኬድም።

አሁን ወደ አረፋው እንመለስ። ፍጥነቱን ጨምሮ የሞተው ተጫዋች ሜኑውን ከፍቶ የነካትን መስመር ወደ ነበረችበት መለሳት እንበል፤ ለዚህ ጌም ብቻ ብሎም አስቀመጣት። ከዚያ አልፎ እስከ አውሮፕላኑ ጥላ ድረስ የታመነ ይሁን ብሎ ከበድ ያለውን ኢሙሌተር ጫነ። ሁለተኛው ምዕራፍ ደረሰ፣ አረፋው በዛ፣ መርከቧ ዘገየች። ግን የትኛው ዝግታ ነው ይሄ? የ1990ው ነው ወይስ የሚዩ ሚኒ ሚጢጢ ፕሮሰሰር አልችልም ብሎ ነው? በዓይን አይለይም፤ ሁለቱም ማር ናቸው።

የሚለየው በጆሮ ነው። ሱፐር ፋሚኮም ውስጥ ድምፅ የሚያወጣው የራሱ ሰዓት ያለው ሌላ ፕሮሰሰር ነው። ዋናው ፕሮሰሰር በአረፋ ሲጨናነቅ እሱ ምንም አይሰማውም፤ መርከቧ እየተጎተተች ሙዚቃው በልኩ ይሄዳል። ኢሙሌተሩ አቅም ሲያጣ ግን ሁለቱም ባንድ ላይ ይወድቃሉ፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ይንቻቻል። ስለዚህ ተጫዋቹ ጌሙን ያቆምና ኪሱን ይፈትሻል። የጆሮ ማዳመጫውን አውጥቶ ይሰካል፣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ምዕራፉንም ከመጀመሪያው አረፋ ይጀምረዋል።